ለአማርኛ ጽሑፋችሁ የትኛው ቤት ይሻላል? ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ነፃ ጦማር እና የራስ ድረ ገጽ ሲነጻጸሩ

ቅዳሜ ጠዋት ነው። አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ከእኛ ብሎክ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩ እናት በሬን አንኳኩ። «ልጄ፣ ያቺ ስለ ሮቶ የጻፍካት የት ገባች? ሠራተኛው መጥቶ ቆሟል» አሉኝ። ብቅ ስል ቧንቧ ሠራተኛው ቱቦውን በትከሻው ተሸክሞ ደረጃው ላይ ቆሟል፤ ባለ 1000 ሊትሩ ጥቁር ሮቶ ታች ግቢው ውስጥ በገመድ ታስሮ ሊጎተት ተዘጋጅቷል። የሚቀመጠው በረንዳ ላይ ነው ተባለ።

ስለዚሁ ነገር ከስምንት ወር በፊት ጽፌ ነበር። 1000 ሊትር ውኃ 1000 ኪሎ ነው፤ አንድ ቶን ሙሉ። በረንዳ ሰው እንዲቆምበትና ልብስ እንዲሰጣበት የተሠራ ነውና መሐንዲስ ሳያየው ይህን ሸክም አትጫኑበት የሚል ጽሑፍ ነው። በጊዜው ሰው ተቀባብሎታል፤ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። የዚያን ቀን ግን የለጠፍኩበትን ማኅበራዊ ገጽ ወደ ኋላ ብጎትት፣ ብጎትት ጠፋ። ኔትወርኩ ይንቀራፈፋል፣ ሠራተኛው ሰዓቱን ያያል፣ እሳቸው ፊቴን ያያሉ። በቃል ነገርኳቸው። ሠራተኛው «እስቲ የተጻፈውን አሳየኝ» ሲል የማሳየው አልነበረኝም። ደግነቱ እሳቸው «እንግዲያው ሰው ይየው» ብለው ሮቶውን ምድር ላይ አስቆዩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የት ልጻፍ የሚለውን ጥያቄ የማየው በተከታይ ብዛት አይደለም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ዛሬ የጻፍኩትን፣ በዓመቱ የቸገረው ሰው በአምስት ደቂቃ ውስጥ ያገኘዋል ወይ? ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር የተሠራው በዚህ መለኪያ ነው። ምርቃትና ትችት ለመሰብሰብ ብቻ የሚጽፍ ሰው ሌላ መለኪያ ሊኖረው ይችላል። ሰው የሚጠቀምበት ነገር ለመጻፍ የተነሣ ግን ይህን ይያዝ።

አንባቢ በሦስት በር ይገባል

አንዱ ሳያስበው፣ ሌላ ነገር እያየ ሲያልፍ ያገኛችኋል። ሁለተኛው ወድዷችሁ የተመዘገበ ነው፤ የምትሉትን ይጠብቃል። ሦስተኛው ጥያቄ ይዞ የመጣ ነው፤ ስማችሁን አያውቅም፣ መልሱን ብቻ ይፈልጋል። ፌስቡክ ለመጀመሪያው፣ ቴሌግራም ለሁለተኛው፣ ጦማር (ብሎግ) ለሦስተኛው የተመቸ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንዱን በር ከፍቶ ሦስቱንም እንግዳ ሲጠብቅ ነው።

ፌስቡክ

የፌስቡክ ትልቁ ነገር የማያውቃችሁን ሰው ማምጣቱ ነው። የሰፈር ነዋሪዎች ግሩፕ ውስጥ የገባች አንዲት ጥሩ ጽሑፍ ከቱሉ ዲምቱ ተነሥታ የካ አባዶና ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየሞች ለመድረስ ግማሽ ቀን አይፈጅባትም፤ ችግሩ አንድ ነውና። አዲስ ጸሐፊ ይህን በር ቢዘጋ ይጎዳል።

ረጅም ጽሑፍ ይቀበላል፤ ግን ጥቂት መስመር ካሳየ በኋላ ቀሪውን ይደብቀዋል። ስለዚህ እነዚያን መስመሮች ለሰላምታ አታውሉ። «ውድ ቤተሰቦች እንደምን ከረማችሁ» የሚለውን ሰው በጣቱ ገፍቶት ያልፋል። «ባለ 1000 ሊትር ሮቶ በረንዳ ላይ ከማውጣታችሁ በፊት» የሚለው ግን ሮቶ ለመግዛት ያሰበውን ሁሉ ያስቆመዋል።

ድክመቱ ሁለት ነው። ገጻችሁን የወደደ ሰው ሁሉ የጻፋችሁትን አያይም፤ ማን እንደሚያይ የሚወስነው የፌስቡክ አሠራር ነው። ሁለተኛው የጠቀስኩት ነው፤ ያለፈ ጽሑፍ ይሰምጣል። የሰመጠውን ፈልጎ ማውጣት ለባለቤቱም ይከብዳል፣ ለእንግዳ አንባቢ ደግሞ የማይታሰብ ነው።

ቴሌግራም

እኛ ሰፈር ቴሌግራም ላይ የሌለ ሰው ማግኘት ይከብዳል። የብሎክ ኮሚቴው፣ የዕድሩ፣ የተማሪ ወላጆቹ መልእክት የሚተላለፈው በእሱ ነው። ኔትወርክ ሲደክም እንኳ ጽሑፍ ያሳልፋል፣ እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል ይቀበላል፣ ቻናል ላይ የለጠፋችሁት ለተመዘገበው ሁሉ ይደርሳል። አንድ ሰው ጽሑፋችሁን ለሌላ ሲያስተላልፍም የቻናላችሁ ስም አብሮ ይሄዳል። ቻናል የሚያድገው በዚህ መንገድ ነው፤ ሰው ለእህቱ፣ ለባልደረባው ሊልከው የሚፈልገውን ነገር በመጻፍ። ስለዚህ ለቴሌግራም ስትጽፉ «ይህን ማን ለማን ይልካል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ካጣችሁለት ጽሑፉ ገና አልበሰለም።

ልኩን ማወቅ ያስፈልጋል። አንድ መልእክት 4096 ምልክት ይይዛል፤ በአማርኛ ወደ 700 ቃል ማለት ነው። ፎቶ ሥር የሚጻፍ መግለጫ ግን በነፃው አገልግሎት 1024 ምልክት ብቻ ነው፣ ከ200 ቃል አይዘልም። ብዙ ቻናል ላይ ጽሑፉ ሁለት ቦታ ተቆርጦ ሲለጠፍ የምታዩት በዚህ ምክንያት ነው። ረጅም ነገር ሳትቆርጡ ማውጣት ከፈለጋችሁ ቴሌግራፍ የሚባለው የራሱ የቴሌግራም መገልገያ አለ፤ በነፃ ገጽ ይሠራላችኋል፣ አንባቢውም ከመተግበሪያው ሳይወጣ ያነበዋል።

የቴሌግራም ችግር እንግዳ አለማምጣቱ ነው። የሚያስተላልፍላችሁ ከሌለ ቻናሉ በነበረበት ይቆማል። ጥያቄውን ጎግል ላይ ጽፎ የሚፈልግ ሰውም ቻናላችሁን የማግኘት ዕድሉ ጠባብ ነው። ቻናሉ ውስጥ ያለው ፍለጋ ደግሞ ፊደል በፊደል ስለሚሄድ «ውኃ» ብላችሁ የጻፋችሁትን «ውሃ» ብሎ የፈለገ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል።

ለዚህ የሚረዳ አንድ ቀላል ዘዴ አለ፤ በሠላሳ ደቂቃ የሚያልቅ ሆኖ ሳለ ሲያደርገው የማየው ሰው ግን ጥቂት ነው። ማውጫ ጻፉ። «ውኃ፣ መብራት፣ ፊኒሺንግ፣ ትራንስፖርት» እያላችሁ በየርዕሱ ሥር የቀድሞ ጽሑፎቻችሁን ሊንክ ደርድሩና መልእክቱን ከላይ ሰክታችሁ አቆዩት። አዲስ ነገር በጻፋችሁ ቁጥር ማውጫውን አርሙት። አዲስ የተመዘገበ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ስለሆነ ያለፈው ሥራችሁ አይባክንም።

የተከራየነው ቤት

ፌስቡክና ቴሌግራምን ከራስ ጦማር ጋር ሳነጻጽር የ2015ን ዓመት አልረሳም። ከየካቲት እስከ ሐምሌ፣ አምስት ወር ያህል ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ በኢትዮጵያ ገደብ ተጥሎባቸው ቆዩ። ገደቡን የሚያሻግረውን መተግበሪያ፣ ቪፒኤንን፣ የሚያውቅ ገባ፤ የማያውቅ ቀረ። የእኔ አንባቢዎች አብዛኞቹ ከማያውቁት ወገን ነበሩ። ጽሑፎቼ ሁሉ እዚያ ነበሩና ለአንዲት ጎረቤት እንኳ የማሳየው ሌላ ቦታ አልነበረኝም።

የሰው ወርቅ አያደምቅም ይባላል። ጠዋት ቤት የነበረው ማታ ላይሆን ይችላል፤ ገጹ ሊዘጋ፣ የይለፍ ቃሉ ሊሰረቅ፣ ስልኩ ሊጠፋ ይችላል። እዚያ አትጻፉ አልልም። የጽሑፉ ዋና ቅጂ ግን በእናንተ እጅ ይሁን። ቴሌግራምን በኮምፒውተር ስትጠቀሙ የቻናሉን ታሪክ በሙሉ ማውረድ ይቻላል፤ ፌስቡክም መረጃችሁን ለማውረድ ይፈቅዳል። በየሦስት ወሩ አድርጉት። እኔ በየሩብ ዓመቱ መጨረሻ አደርገዋለሁ።

ነፃ ጦማር፤ ብሎገር ወይስ ዎርድፕረስ

ብሎገር እ.ኤ.አ. በ1999 የተጀመረ፣ ከ2003 ጀምሮ የጎግል የሆነ አገልግሎት ነው። የጂሜይል አድራሻ ያለው ሰው ከሩብ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይከፍታል፣ አይከፍልም። በኋላ የራሱን ዶሜን፣ ማለትም የራሱን የድረ ገጽ ስም፣ ቢገዛ ለማያያዝ ብሎገር ተጨማሪ ገንዘብ አይጠይቅም። መልኩ ያረጀ ነው፣ አማራጩም ጥቂት ነው። ግን ቀላል ስለሆነ በደከመ ስልክና በደከመ ኔትወርክ ይከፈታል፤ ለእኛ አንባቢ ይህ ከውበት ይበልጣል።

ዎርድፕረስ ሲባል ሁለት ነገር እንዳለ ልብ በሉ። አንዱ በራሱ በድርጅቱ ላይ የሚከፈተው ነፃ ጦማር ነው፤ ያማረ ነው፣ ነገር ግን በነፃው ደረጃ የእነሱ ማስታወቂያ ገጻችሁ ላይ ይወጣል፣ የራሳችሁን ዶሜን ለማያያዝም መክፈል ይጠበቅባችኋል። ሌላው እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ነፃ ሶፍትዌር ነው። እሱን በተከራያችሁት ሆስቲንግ፣ ማለትም ድረ ገጹ በሚቀመጥበት የኪራይ ኮምፒውተር፣ ላይ ትጭኑታላችሁ፤ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

ለጀማሪ ከሁለቱ ነፃዎች ብሎገርን እመርጣለሁ። ሁለት ምክንያት አለኝ፤ ዶሜኑን በነፃ ማያያዙ እና ቀላልነቱ። ፎቶ የሚበዛበት ነገር የሚሠራ፣ ለምሳሌ ልብስ ሰፊ ወይም የቤት ዕቃ ሠሪ፣ ለዎርድፕረስ ቢያደላ ይገባኛል።

በሁለቱም ላይ አማርኛ የሚያመጣው አንድ ችግር አለ፤ የገጹ አድራሻ። አንዲት የአማርኛ ፊደል በሊንክ ውስጥ ስትገባ ወደ ዘጠኝ ምልክት ትቀየራለች። «የሮቶ ክብደት» ሰባት ፊደል ነው፤ ከመሐል ካለችው ጭረት ጋር 64 ምልክት ይሆናል፣ በ% የተሞላ። ይህን ቴሌግራም ላይ ስትለጥፉት ሰው ቫይረስ ነው ብሎ ይሸሻል፤ እኔን «ምን ላክህብኝ?» ብሎ የደወለልኝ አለ። ዎርድፕረስ ደግሞ ለአድራሻው 200 ምልክት ብቻ ስለሚሰጥ ከ22 ፊደል ያለፈ ርዕስ መሐሉ ላይ ይቆረጣል። ብሎገር የአማርኛውን ፊደል ጭራሽ ይተወውና ሁሉንም ጽሑፍ «ብሎግ ፖስት» በሚል የላቲን ቃልና በቁጥር ይሰይመዋል። መፍትሔው አንድ ነው። ከማውጣታችሁ በፊት አድራሻውን ራሳችሁ በላቲን ፊደል፣ በሁለት ወይም በሦስት አጭር ቃል ጻፉት። ካወጣችሁት በኋላ መቀየር የተሰራጨውን ሊንክ ይሰብረዋል።

ሌላው የፎቶ ክብደት ነው። የዛሬ ስልክ የሚያነሣው ፎቶ 4 ሜጋባይት ቢሆን፣ አምስቱን አንድ ጽሑፍ ውስጥ ካስገባችሁ 20 ሜጋባይት ነው። 100 ሜጋባይት ጥቅል የገዛ አንባቢ አምስተኛውን ለእናንተ ከፈለ ማለት ነው። እያንዳንዱን ፎቶ ወደ 200 ኪሎባይት አሳንሱ፤ ለስልክ ማያ ይበቃል።

የራስ ድረ ገጽ

በራስ ዶሜን፣ በተከራዩት ሆስቲንግ፣ ዎርድፕረስን ጭኖ መሥራት ከሁሉ የበለጠ ነፃነት ይሰጣል። እኔ ግን በመጀመሪያው ዓመት አትግቡበት እላለሁ። አንዱ ምክንያት ዶላር ነው። የውጭ ሆስቲንግ የሚከፈለው በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ሥርዓቱ በገበያ እንዲመራ ከመወሰኑ በፊት በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ሂሳቡ በየዓመቱ የሚመጣ ነው፤ ገቢ የሌለው ጦማር ይህን አይችልም። የውጭ ክፍያ የሚፈጽም ካርድ ማግኘትም ለሁሉ ሰው ቀላል አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያት የደረሰብኝ ነው። አንድ ድርጅት «ሁሉን እኛ እንጨርስልሃለን፣ በብር ክፈል» ብሎኝ ከፈልኩ። ሥራው ጥሩ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ስልኩ አይነሣም፣ ገጹም አይከፈትም። ዶሜኑ የተመዘገበው በእኔ ስም ሳይሆን በእነሱ እንደነበር ያወቅሁት ያኔ ነው። አርባ ሦስት ጽሑፍ ነበረበት። ሃያ ያህሉን በስልኬ ማስታወሻ ውስጥ አገኘኋቸው፤ ሌሎቹን ከትዝታዬ ደግሜ ጻፍኩ፣ አንዳንዶቹ አልተመለሱም።

ስለዚህ ማንም ሰው ሲሠራላችሁ ሦስት ነገር ተቀበሉ፤ ዶሜኑ በእናንተ ስምና ኢሜይል መመዝገቡን፣ የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል፣ የመጠባበቂያ ቅጂውን። የዶት ኢቲ ዶሜን ከፈለጋችሁ ከኢትዮ ቴሌኮም በብር ይገኛል። የሚበጀው መንገድ፣ በእኔ ግምት፣ መጀመሪያ ዶሜን ብቻ ገዝቶ ከብሎገር ጋር ማያያዝ ነው። ነገ ወደ ራሳችሁ ሆስቲንግ ብትሄዱ አድራሻው አብሯችሁ ይሄዳል፤ አንባቢ ቤት መቀየራችሁን እንኳ ላያውቅ ይችላል።

የፊደሉ ነገር

በየትኛውም ቤት ብትጽፉ ይህ ይመለከታችኋል፤ ትንሽ ልቆይበት። የኢትዮጵያ ፊደል ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል ኮድ፣ በዩኒኮድ፣ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የወጡት እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ያሉ ሶፍትዌሮች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ኮድ ይጠቀሙ ነበር። በማተሚያ ቤት፣ በጸሐፊነት ሥራ ያለፈ ሰው በፍላሽ ያስቀመጠው የቆየ ጽሑፍ ካለው ድረ ገጽ ላይ ሲለጥፈው የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ይሆንበታል። ጽሑፉ አልጠፋም፤ ወደ ዩኒኮድ የሚቀይር መሣሪያ ያስፈልገዋል። አዲስ የምትጽፉትን ግን ከመጀመሪያው በስልካችሁ የአማርኛ ኪቦርድ ወይም ኪማን በሚባለው የኪቦርድ ፕሮግራም ጻፉ።

አራት ነጥብን በሁለት ኮለን (::) አትተኩ። ለዓይን ይመሳሰላል፤ ኮምፒውተሩ ግን «።» መሆኑን አያውቅም።

ከሁሉ የሚበልጠው ሞክሼ ፊደል ነው። ሀ ሐ ኀ፣ ሰ ሠ፣ አ ዐ፣ ጸ ፀ። እኔ የወረስነውን አጻጻፍ መጠበቅ እወዳለሁ፤ ሰው ሲፈልግ ግን የሚጽፈው ጣቱ ያገኘውን ነው። ሁለቱን ለማስታረቅ የማደርገው ይህ ነው። በርዕሱ ላይ አንዱን እጽፋለሁ፣ በመጀመሪያው አንቀጽ ውስጥ ሌላውን አስገባለሁ። ርዕሱ «የውኃ ሮቶ» ካለ ጽሑፉ ውስጥ አንድ ቦታ «የውሃ ታንከር» ይላል። ኮንዶሚኒየምን ኮንደሚኒየም የሚል ብዙ ነው፤ እሱንም አንድ ጊዜ እጠቅሰዋለሁ። አንባቢ አይቀየምም፣ ፈላጊ ግን ያገኛል።

ሰፊ ርዕስ ወይስ ጠባብ

ስለ ጤና፣ ስለ ፍቅር፣ ስለ ስኬት የሚጽፍ ገጽ ሞልቷል። ከተማ ዳር የምንኖር ሰዎች ያለን ሀብት ማንም ያልጻፈው ጥያቄ ነው። በሩን ከፍታችሁ ስትወጡ ታገኙታላችሁ። ታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ወረዳ ወረፋ ላይ፣ ዕድር ላይ ሰው የሚጠይቀውን ለአንድ ሳምንት መዝግቡ። የእኔ ደብተር ላይ በአንድ ሳምንት የሰፈረው ይህ ነበር፤ አዲስ ቆጣሪ ለማስገባት ምን ወረቀት ይጠየቃል፣ ባዶውን የተረከብነውን ቤት ከየት እንጀምረው፣ ልስን ይቀድማል ወይስ ሴራሚክ፣ ውኃ በፈረቃ ሲመጣ ፓምፕ ያስፈልጋል ወይ፣ ልጅ መገናኛ ትምህርት ቤት ካለ ስንት ሰዓት መውጣት አለበት፣ አንደኛ ፎቅ ላይ ዶሮ ማርባት ይፈቀዳል ወይ።

እያንዳንዱ አንድ ጽሑፍ ነው። «የቤት አያያዝ» በሚል ሰፊ ርዕስ ብጽፍ ከሺህ ገጽ ጋር እፎካከራለሁ። «ኮንዶሚኒየም ስትረከቡ መጀመሪያ የሚሠራው የትኛው ነው?» ብል ግን በአማርኛ የሚቀድመኝ ብዙ አይደለም። ርዕሱንም ሰው በሚጠይቅበት አፍ ጻፉት። ጎረቤቴ «የውኃ ማጠራቀሚያ አተካከል ሥነ ዘዴ» ብለው አይጠይቁም፤ «ሮቶ በረንዳ ላይ ይቀመጣል ወይ?» ነው የሚሉት።

ጠባብ ርዕስ ቶሎ ያልቃል ብሎ የሚሰጋ አለ። እኔ ሮቶ ላይ ጀምሬ ፓምፕ፣ ቧንቧ፣ የፎቅ ውኃ ግፊት፣ የብሎክ መዋጮ፣ ከዚያ የኮሚቴ አስተዳደር ደረስኩ። አንዱ ጽሑፍ የሚያመጣው ጥያቄ ቀጣዩን ይወልዳል፤ ጠያቂውንም በጽሑፉ አመስግኑት፣ ለሌላው ያስተላልፋል።

በየቀኑ ወይስ በየሳምንቱ፣ ረጅም ወይስ አጭር

በየሳምንቱ አንድ። በየቀኑ ለመጻፍ የተነሣ ሰው በሁለተኛው ወር የሰው ጽሑፍ መገልበጥ ይጀምራል። ርዝመቱን ጥያቄው ይወስነው። መብራት ይሄዳልና በጦማሩ የመጻፊያ ሳጥን ውስጥ በቀጥታ አትጻፉ፤ ያለ ኢንተርኔት በሚሠራ ማስታወሻ ላይ ጨርሳችሁ ገልብጡ።

በስም ወይስ በብዕር ስም

ሰዎች እንዲያምኗችሁ የምትፈልጉት ጉዳይ ከሆነ በስማችሁ ጻፉ። ሰፈር ውስጥ ስም ዋስትና ነው፤ ብሳሳት በሬን ያንኳኳሉ፣ ያንን ስለማውቅ ሁለት ጊዜ አጣራለሁ። የቤተሰብ ጉዳይ የሚጽፍ ሰው የብዕር ስም ቢይዝ ግን ልክ ነው፤ የሌላን ሰው ምስጢር መጠበቅ አለበትና።

በስምም ሆነ በብዕር ስም፣ ገጹ ሲያድግ ኃላፊነቱም ያድጋል። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012፣ ሐሰተኛ መረጃ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ሲሰራጭ ቅጣቱን ከፍ ያደርገዋል። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጣ የሚል ዝርዝር፣ የመሬት ወሬ፣ የቤት ይፈርሳል ወሬ እኛ ሰፈር እንደ እሳት ነው የሚዛመተው። የወጣበትን መሥሪያ ቤት ገጽ ሳላይ አልለጥፍም። በዚህ የተነሣ ከሌሎች ቻናሎች አንድ ቀን እዘገያለሁ፤ መዘግየቱን እመርጣለሁ። ሰው ዕጣ ወጣልኝ ብሎ ከሥራ ቀርቶ ለሌለ ነገር ሲሰለፍ አይቻለሁ።

ገንዘቡስ

ከጉግል ማስታወቂያ ተነሥታችሁ አታቅዱ። ከተማ ዳር ላለ ጸሐፊ የሚቀርበው የሰፈር ነጋዴ ነው፤ ሴራሚክ ሻጩ፣ ቀለም ቀቢው፣ ዕቃ ጫኙ። በቴሌብር ይከፍላል፣ ደንበኛ ይመጣለታል። የተከፈለበትን ጽሑፍ ግን «ይህ ማስታወቂያ ነው» ብላችሁ ከላይ ጻፉበት። ለሮቶ ሻጭ ማስታወቂያ ተከፍሎኝ የበረንዳውን አደጋ ባነሣ ኖሮ የሚያምነኝ አይኖርም፤ ባላነሣው ደግሞ ይባስ።

እንግዲህ የቱን?

ጊዜም ገንዘብም የሌለው፣ የሚያውቁት ሰዎች ያሉት ቴሌግራም ቻናል ይክፈት፤ ማውጫውን ከመጀመሪያው ቀን ይጀምር። ሰው የሚፈልገው፣ ዓመት የማያስረጀው እውቀት ያለው ሰው፣ ለምሳሌ ኤሌክትሪሺያን፣ መምህር፣ ነርስ ወይም ዶሮ አርቢ፣ ብሎገር ላይ ይጻፍና በቴሌግራም ያሰራጭ። ዕለታዊ ወሬ፣ አስተያየት፣ ግጥም የሚጽፍ ፌስቡክን ይያዝ፤ ቅጂውን ያስቀምጥ። የራስ ሆስቲንግ የሚያስፈልገው ጽሑፉ ሌላ ሥራውን የሚሸጥለት፣ ሂሳቡንም የሚሸፍን ገቢ ያለው ሰው ነው።

እኔ ዛሬ የምሠራው እንዲህ ነው። ዋናው ጽሑፍ በዶሜኔ ብሎገር ላይ ይወጣል። በዚያው ማታ የጽሑፉ ፍሬ ነገር፣ ከ200 ቃል ያልበለጠ፣ ከፎቶና ከሊንኩ ጋር ቴሌግራም ላይ ይገባል። በማግስቱ የመጀመሪያዎቹ አንቀጾች ፌስቡክ ግሩፕ ላይ ይወጣሉ፤ ሊንኩን ኮሜንት ውስጥ አስቀምጠዋለሁ።

ሌላም አለ፤ ከሦስቱም ይልቅ ለሰፈሬ የሠራው እሱ ነው። የጦማሩን አድራሻና ኪውአር ኮድ በአንድ ወረቀት አትሜ፣ ከሥሩ አምስት ጥያቄ በትልቅ ፊደል ጽፌ፣ በየብሎኩ መግቢያ ከቆጣሪ ሳጥኖቹ አጠገብ ለጠፍኩ። ብዙ ገንዘብ አልፈጀብኝም። ሰው ካርድ ሊሞላ ሲመጣ ቆሞ ያነበዋል። የመጀመሪያውን ክረምት ዝናብ አበላሸው። አሁን በላስቲክ ሸፍኜ፣ ልጆች እንዳይቀድዱት ከአዋቂ ትከሻ ከፍ አድርጌ እሰቅለዋለሁ። የሦስተኛ ፎቋ ጎረቤቴም ሊንኩን ከዚያ ላይ አንሥተው ለልጃቸው ላኩ፤ ልጃቸው መሐንዲስ አምጥቶ ሮቶው ባለ 500 ሊትር ሆኖ ምድር ላይ ተተከለ፣ ውኃውን በፓምፕ ያወጡታል።